የተቀበረ መክሊት ወይስ የሴት ባንክ? (ስለ ሕንድ ሕዝብ የወርቅ ፍጆታ)

ሕንድ ሲባል በኛ አገር ሰው ዘንድ ቀድሞ ትዝ የሚለው ወይ መምህሩ ነው ወይ ሲኒማው ነው። ለአባቶቻችንና ለታላላቆቻችን ሒሳብና ፊዚክስ በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተማሩት ሕንዳውያን እስከ ዛሬ በየቤቱ ስማቸው ይነሣል፤ የፊልሙም ዘፈን ቃሉ ሳይገባን ይዜማል። ወርቁን ግን የሚያነሣው የለም። በፊልሙ መጨረሻ ሙሽራይቱ ከግንባሯ እስከ ጣቷ አጊጣ ስትወጣ አይተን «ጌጥ ነው» ብለን እናልፋለን። ይህ ጌጥ ግን የአንድ ታላቅ አገር የገንዘብ ሚኒስትሮች ከስድሳ ዓመት በላይ እንቅልፍ ያጡበት ነገር መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ሰሞኑን በግቢያችን፣ በተለይም ኢኮኖሚክስ በሚያጠኑ ጓደኞቻችን መካከል፣ አንድ አነጋገር ሲዘወተር እንሰማለን። ይኸውም የሕንድ ሕዝብ ላቡን አንጠፍጥፎ ያገኘውን ሀብት በወርቅ እየለወጠ በሣጥን ይቈልፋል፤ ያ ሀብት ፋብሪካ ቢሠራበት፣ ወንዝ ቢጠለፍበት አገሪቱ የት በደረሰች፤ ጥፋቱም የሴቶቹ ነው የሚል ነው። አንዱማ የወንጌሉን ምሳሌ ጠቅሶ «መክሊቱን የቀበረ ሕዝብ» ብሏቸዋል። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። አለመስማማታችንን ግን በስሜት ሳይሆን በቍጥርና በታሪክ ለማስረዳት እንሞክራለን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ የሕንድን ሕግና ገበያ ወደኛ አቈጣጠር ማዛወሩ አንባቢን ከማደናገር በቀር አይረባም።)

መጠኑን እንመልከት። የዓለም ወርቅ ምክር ቤት እንደ መዘገበው በ2024 የሕንድ ሕዝብ 802.8 ቶን ወርቅ ገዝቷል። በዚያው ዓመት በጌጣጌጥ ግዢ ቻይናን ቀድሞ ከዓለም አንደኛ ሆኖ ነበር። ከዚህ ሁሉ ከገዛ ምድሩ የሚወጣው እጅግ ጥቂት ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የተቈፈረው የኮላር የወርቅ ማዕድን በ2001 ተዘግቷል፤ በካርናታካ ክፍለ ሀገር ያለው የሁቲ ማዕድንም በዓመት የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ቶን ቢሆን ነው። የቀረው ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። በየቤቱ የተከማቸው ደግሞ ወደ 25,000 ቶን እንደሚጠጋ ይገመታል። የአሜሪካ መንግሥት ግምጃ ቤት ያለው ወርቅ 8,133 ቶን ነውና የሕንድ እናቶች ሣጥን የአሜሪካንን ግምጃ ቤት ሦስት ጊዜ ያጥፈዋል ማለት ነው።

ነገሩ የትናንት አይደለም። ሮማዊው ፕሊኒ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ሕንድ በየዓመቱ የሮማን ገንዘብ ትጠባለች እያለ ያለቅስ ነበር። በዚያ ንግድ መንገድ ላይ የኛም ሰዎች ቆመው እንደ ነበር አንዘንጋ፤ የአዱሊስ ወደብ የሕንድና የሮማ ዕቃ የሚተላለፍበት ነበር። በደብረ ዳሞ ገዳም ከሰሜን ሕንድ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ መሐለቆች ተገኝተዋል፤ የአክሱም ነገሥታት የወርቅ መሐለቅም በደቡብ ሕንድ ተገኝቷል። ሌላው ቀርቶ ታላቁ የኢኮኖሚ ሊቅ ኬይንስ በ1913 ስለ ሕንድ ገንዘብ በጻፈው መጽሐፍ ይህን የወርቅና የብር ፍቅር ለሕዝቡ ዕድገት እንቅፋት አድርጎ ቈጥሮታል። ስለዚህ የግቢያችን ነቃፊዎች ብቻቸውን አይደሉም።

ዳሩ ግን ኬይንስ ይህን ከጻፈ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ሆነ? በ1930ዎቹ መጀመሪያ የዓለም ገበያ ወድቆ የእህል ዋጋ በረከሰ ጊዜ የሕንድ ገበሬ ግብሩና የአራጣው ዕዳ ግን አልቀነሰለትም። እንግሊዝም በ1931 ፓውንዷን ከወርቅ ባላቀቀች ጊዜ የወርቅ ዋጋ ወጣ። በዚህን ጊዜ ገበሬው የሚስቱን አምባርና የእናቱን ጕትቻ እያወጣ ሸጠ። ያም ወርቅ በመርከብ ተጭኖ ወደ ለንደን ጐረፈ። «ሞቷል» የተባለው ወርቅ ገበሬውን ከመሬቱ እንዳይነቀል አዳነው፤ የገዢውንም አገር ገንዘብ ደገፈ። ሞቶ ተነሥቶ ሁለት ጌታ ያገለገለ ሀብት እንግዲህ በምን ሕግ የሞተ ይባላል?

እዚህ ላይ ዋናውን ጥያቄ እናንሣ። ወርቁን የሚገዛው ማነው? ለምንስ ይገዛዋል? ከግማሽ የሚበልጠው ገዢ ባላገር ነው። ዝናብ በደንብ ከዘነበ፣ አዝመራውም ከሰመረ ወርቅ ቤቱ ይሞላል፤ ዝናቡ ከቀረ ገዢው ይሰወራል። ባላገሩ ባንክ በሩቅ ነው፤ ባንኩም ቢቀርብ ወረቀት የማያውቀውን ገበሬ በሩ ላይ ያቈመዋል። አንድ አምባር ግን ጸሐፊ አይጠይቅም፤ በታመመበት ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ መያዣ ሆኖ ገንዘብ ያመጣል። የኬራላ ክፍለ ሀገር ሰዎች በዚሁ ላይ ብቻ ተመሥርተው በአገሪቱ ሁሉ በሺሕ የሚቈጠር ቅርንጫፍ ያላቸው አበዳሪ ማኅበሮች አቋቁመዋል። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ሥራው ሲዘጋ ስንቱ ባለ ሱቅና ስንቱ የቀን ሠራተኛ የቤቱን ወርቅ አስይዞ ልጆቹን እንደ መገበ የሕንድ ጋዜጦች በሰፊው ጽፈዋል።

ከገበሬው ይልቅ ግን የሴቲቱ ነገር ልብ ይነካል። በሕንድ የሂንዱ ቤተ ሰብ ዘንድ መሬትና ቤት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። በ1956 የወጣው የውርስ ሕግ ለሴት ልጅ ጥቂት መብት ሰጣት፤ በቤተ ሰቡ የጋራ ርስት ላይ ከወንድሟ እኩል የሆነችው ግን ሕጉ በ2005 በተሻሻለ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት ይዛው የምትወጣው፣ የኔ ነው የምትለው ሀብት፣ በጋብቻዋ ቀን አንገቷና ክንዷ ላይ የተንጠለጠለው ብቻ ነበር። ይህም በሕጋቸው «ስትሪዳን» ይባላል፤ የሴት ገንዘብ ማለት ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 በሰጠው ፍርድ ይህ ሀብት የሚስቲቱ ብቻ ነው፤ ባልም ሆነ አማት ሊነካው አይችልም ብሏል። የግብር መሥሪያ ቤታቸውም በ1994 ባወጣው መመሪያ መሠረት ቤት ሲፈተሽ ያገባች ሴት እስከ 500 ግራም፣ ያላገባች እስከ 250 ግራም፣ ወንድ እስከ 100 ግራም ጌጥ ቢገኝበት እንዳይወሰድ ታዟል። የ500ውን ግራም ትርጕም ልብ በሉ። መንግሥት ራሱ «ይህ የሴቲቱ መጠጊያ ነው» ብሎ ፈርሞበታል።

እንግዲህ መሬት የሌላት፣ በስሟ የባንክ ደብተር የሌላት፣ ባሏ ቢሞት ወይም ቢያባርራት የምትጠጋበት የሌላት ሴት አምባሯን ስለ ያዘች «መክሊት ቀበረች» ብለን ልንወቅሳት የምንችል እኛ ማን ነን? መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ጌታው ነግዶ እንዲያተርፍበት የሰጠው ነበር። እርሷን ነግጂ ብሎ ገበያ ያወጣት ማነው?

መንግሥት ነገሩን በሕግ ለመግታት ያደረገው ሙከራ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በ1962 ከቻይና ጋር ጦርነት ተነሥቶ የውጭ ምንዛሪ ባነሰ ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሞራርጂ ደሳይ በ1963 መጀመሪያ ከ14 ካራት በላይ ጌጥ እንዳይሠራ ከለከሉ። የሕንድ ሴት የለመደችው 22 ካራት ነው፤ 14 ካራቱን ናስ ነው ብላ ናቀችው። ሕዝቡ ወርቅ መውደዱን አልተወም፤ የተጐዱት ወርቅ አንጥረኞቹ ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት እጅ ሥራ በአንድ ሌሊት ወንጀል ሆኖባቸው ብዙዎቹ ለረኀብ ተዳረጉ፤ ራሳቸውን ያጠፉም ነበሩ። በ1968 ደግሞ ማንም ሰው ጥፍጥፍ ወርቅና የወርቅ መሐለቅ በቤቱ እንዳያኖር ሕግ ወጣ። ከዚህም የተነሣ ከዱባይ ወደ ቦምቤ በጀልባ የሚመጣ የኮንትሮባንድ ወርቅ ሌላ መንግሥት እስኪመስል በረታ። ሕጉ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1990 ተሻረ።

ከተሻረ ከአንድ ዓመት በኋላ የሆነው ነገር ተረት ይመስላል። በ1991 ሕንድ የውጭ ምንዛሪዋ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት የማያልፍ ገቢ ዕቃ ብቻ የሚሸፍን ሆነ። በዚያን ጊዜ መንግሥቱ ምን አደረገ? ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ነጥቆ ካከማቸው ወርቅ 20 ቶን ያህል መልሶ የመግዛት መብት ይዞ ለስዊስ ባንክ ሸጠ። ቀጥሎም ወደ 47 ቶን የሚጠጋ ወርቅ በአውሮፕላን ልኮ በእንግሊዝ ባንክና በጃፓን ባንክ ዘንድ አስይዞ 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተበደረ። ገበሬው በክፉ ቀን በመንደር አበዳሪ ዘንድ የሚያደርገውን መንግሥቱ በዓለም ገበያ ላይ አደረገው እንጂ ሌላ ምንም አዲስ ዘዴ አላመጣም። ወርቁ በሮችን ለመክፈት ረዳ፤ ዕዳውም ተከፍሎ ወርቁ ከመያዣነት ወጣ።

የሆነ ሆኖ ትምህርቱ ቶሎ ተረሳ። በ2013 የውጭ ንግድ ጕድለቱ ሲሰፋ የገንዘብ ሚኒስትሩ ቺዳምባራም ሕዝቡ ወርቅ እንዳይገዛ ለመኑ፤ በአንድ ዓመት ተመንፈቅ ገደማ ውስጥም ቀረጡ ከ2 በመቶ ተነሥቶ 10 በመቶ ደረሰ። ከሚገባውም ወርቅ አንድ አምስተኛው ተሠርቶ ወደ ውጭ ካልወጣ ሌላ እንዳይገባ ተወሰነ። ወዲያው ወርቁ በመንገደኛ ሆድ፣ በጫማ ሶል፣ በአውሮፕላን መጸዳጃ ቤት መግባት ጀመረ። የአንድ አምስተኛው ደንብ በዓመቱ ተሰረዘ። በ2022 ቀረጡ እንደ ገና 15 በመቶ ሆነ፤ በሐምሌ 2024 ወደ 6 በመቶ ወረደ። ይህን ሁሉ መውጣትና መውረድ ስናይ መሥሪያ ቤቱ በሽታውን ትቶ ሙቀት መለኪያውን የሚያሽ ሐኪም ይመስለናል።

ከማስፈራራት ይልቅ ማባበል ይሻላል ብለው በ2015 ሁለት ዕቅድ አወጡ። የመጀመሪያው ሰው ወርቁን ለባንክ አደራ ሰጥቶ ወለድ እንዲያገኝ ነው። ነገር ግን ባንኩ ጌጡን አቅልጦ ነው የሚቀበለው። እናቱ ያሰረችለትን አምባር አቅልጡልኝ ብሎ የሚሄድ ማነው? በዘጠኝ ዓመት ገደማ የተሰበሰበው 31 ቶን ያህል ብቻ ሲሆን በመጋቢት 2025 የዕቅዱ ዋና ክፍል ተዘጋ። በቤት ያለው 25,000 መሆኑን አንርሳ።

ሁለተኛው ዕቅድ ብልኅ ይመስል ነበር። ሰው በወርቅ ፈንታ በወርቅ ዋጋ የሚከፈል የመንግሥት ሰነድ ይግዛ፣ ወለድም ይጨመርለት ተባለ። የመጀመሪያው ሰነድ በኅዳር 2015 በአንድ ግራም 2,684 ሩፒ ተሸጠ። ጊዜው ሲደርስ በኅዳር 2023 መንግሥት የከፈለው በግራም 6,132 ሩፒ ነው። መንግሥቱ ወርቁን ገዝቶ አላስቀመጠም ነበርና ልዩነቱን የከፈለው ከግብር ከፋዩ ኪስ ነው። ከየካቲት 2024 በኋላ አዲስ ሰነድ መሸጥ አቆመ። እንደኛ አስተያየት የዚህን ጨዋታ ውጤት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ የተማረው ባለሥልጣንና ያልተማረችው አሮጊት በወርቅ ዋጋ ላይ ተወራረዱ፤ ያሸነፈችው አሮጊቷ ናት።

ደግሞስ መንግሥቱ ራሱ ምን እየሠራ ነው? የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ በ2009 ከዓለም የገንዘብ ድርጅት 200 ቶን ወርቅ ገዛ። በቅርብ ዓመታትም ግዢውን ቀጥሎ በ2024 መጨረሻ ያለው ወርቅ ከ870 ቶን በላይ ሆነ፤ በእንግሊዝ አገር ካስቀመጠውም 100 ቶን ያህል ወደ አገሩ አስመለሰ። ምክንያቱ ሲጠየቅ የዶላር ሀብት በሰው እጅ ያለ ሀብት ነው፤ የሩስያ ገንዘብ በ2022 ሲታገድ አይተናል የሚል ነው። መልካም ምክንያት ነው። ነገር ግን ባለሥልጣኑ የዶላርን ወረቀት ባያምን አስተዋይ ይባላል፤ የመንደሯ ሴት የሩፒን ወረቀት ባታምን ኋላ ቀር ትባላለች። በኅዳር 8 ቀን 2016 ማታ የ500ና የ1,000 ሩፒ ኖት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ አይሠራም ተብሎ በታወጀ ጊዜ፣ በእጅ ካለው ገንዘብ በዋጋ 86 በመቶው ወረቀት ሆኖ አደረ። በዚያች ሌሊት ወርቅ ቤቶች በር ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ኋላ ቀር አልነበረም፤ የሰማውን በትክክል የተረዳ ሕዝብ ነበር።

ይህን ስንል ወርቁ ጣጣ የለውም ማለታችን አይደለም። ከነዳጅ ዘይት ጋር ሆኖ የአገሪቱን የውጭ ምንዛሪ ከሚበሉት ዋነኞች አንዱ ነው፤ ይህም ማሽንና መድኃኒት መግዣውን ይሻማል። ከዚህ የሚብሰው ግን የጋብቻው ጕዳይ ነው። በኛ አገር ጥሎሽ ከወንዱ ወገን ወደ ሴቷ ይሄዳል፤ በነርሱ ዘንድ ግን ከሙሽራይቱ ቤት ወደ ሙሽራው ወገን ይጐርፋል። በ1961 በሕግ ተከልክሏል፤ ሆኖም አልቀረም። ወርቁ አነሰ ተብላ የምትሠቃየውና የምትገደለው ሙሽራ ቍጥር በመንግሥታቸው መዝገብ በ2022 ብቻ ከ6,000 በላይ ነው። እዚህ ላይ ወርቁ የሴቲቱ ባንክ መሆኑ ቀርቶ የሴቲቱ ዋጋ ይሆናል። አንድ አምባር በአንድ እጅ መጠጊያ፣ በሌላ እጅ ሰንሰለት ነው። ለዚህ ግን መድኃኒቱ የቀረጥ ጭማሪ አይደለም፤ 15 በመቶ ቀረጥ የሙሽራይቱን አባት ዕዳ ይጨምራል እንጂ የአማቲቱን ስስት አይቀንስም።

ወደ ፊትስ? የምናየው ምልክት ይህ ነው። በሚያዝያ 2025 የዐሥር ግራም ወርቅ ዋጋ በሕንድ 100,000 ሩፒ አለፈ፤ በዓለም ገበያም በዚያው ዓመት በጥቅምት አንድ አውንስ ከ4,000 ዶላር በላይ ወጣ። ከዚህ የተነሣ ሕዝቡ የሚያወጣው ገንዘብ እየበዛ የሚገዛው ክብደት እየቀነሰ ነው። ለሠርግ የሚሆን ጌጥ ከአዲስ ወርቅ ይልቅ የአያትን አሮጌ አምባር በመለወጥ ይሠራል። በ2025 መንግሥት 9 ካራት ጌጥ የጥራት ማኅተም እንዲያገኝ ፈቀደ፤ በ1963 በግድ 14 ካራት አድርጉ ተብሎ እምቢ ያለው ሕዝብ ዛሬ በዋጋው ውድነት ወደ ዝቅተኛው ካራት በፈቃዱ ይወርድ እንደ ሆነ እናያለን። እኛ በብዙው የሚሆን አይመስለንም፤ 9 ካራት ለከተማ ወጣት ጌጥ ይሆናል፣ ለክፉ ቀን መያዣ ግን አይሆንም። ጌጡ ሲቀንስ መሐለቅና ጥፍጥፍ የሚገዛው እየበዛ ነው፤ ወጣቱም በስልኩ ላይ ያላየውን ወርቅ በግራም እየከፈለ ይገዛል። ወርቅ የከበደበት ወደ ብር ማዕድን ዞሯል። ብር ድሮም የባላገሩ ጌጥ ነበር፤ በጥቅምት 2025 በዲዋሊ በዓላቸው ሰሞን የሕንድ ገዢ ብዛት ከሌላው ምክንያት ጋር ተደርቦ የለንደንን የብር ገበያ እስከ ማስጨነቅ ደረሰ። ወርቅ አስይዞ መበደርም በፍጥነት እየጨመረ ነው። ይህ የመጨረሻው ነው የሚያሳስበን፤ ምክንያቱም ዋጋው አንድ ቀን ቢወርድ አበዳሪው መያዣውን በጨረታ ይሸጠዋል፤ የሚሸጠውም የማን አምባር እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

የፍጆታውን ልክ በእውነት የሚወስነው ነገር ግን ከወርቅ ገበያ ውጭ ያለ ይመስለናል። የ2005ቱ የውርስ ሕግ በወረቀት ላይ ሳይሆን በመንደር ምን ያህል ሴቶችን የመሬት ባለቤት አደረገ? ባንኩ ለባላገሩ ያለ ወርቅ መያዣ ያበድራል ወይ? ሩፒው ዋጋውን ይጠብቃል ወይ? የነዚህ መልስ እስኪታይ ድረስ የሕንድ ሕዝብ ግራሙን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ወርቁን አይተውም።

የኛም አያቶች ጠገራ ብር በማሰሮ ይቀብሩ፣ አስቀልጠውም መስቀልና ጕትቻ ያሠሩ እንደ ነበር የማያውቅ የለም። ወረቀት ብሩን ባለማመናቸው ስቀንባቸው ነበር። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ሲሆን ያየ ተማሪ ግን ሣቁን ጥቂት ቢያዘገይ ጥሩ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የሚያስብ ወገን፣ ተማሪም ሆነ መምህር፣ ቢኖር በሚቀጥለው እትም ገጹ ክፍት ነው። ሲጽፍልን ግን ከሞራርጂ ደሳይ 14 ካራት የተሻለ ሐሳብ ይዞ ይምጣ።